ቁመቱ አጠረ የተባለው ጋማ ፔህልዋን

ኢፍጣር ተበልቶ፣ ተራዊሕ ተሰግዶ፣ ቤተሰቡ ሻይና ቴምሩን ከቦ ሲቀመጥ የወጣቶቹ ጨዋታ ወደ ስፖርት ማዘንበሉ አይቀርም። ትልቅ የቦክስ ግጥሚያ የቀረበ እንደሆነማ ክርክሩ ለሱሑር እስኪነሱ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። አንዱ ቁመትን ያነሳል፤ ሌላው የክንድ ርዝመትን። አንዱ ወደፊት እየገፋ የሚመታ ያሸንፋል ሲል፣ ሌላው እየሸሸ የሚያደክመው ይበልጣል ይላል። አባቶች መጀመሪያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግን እነሱም ከክርክሩ መሃል ይገኛሉ። ዛሬ በዚህ ገጽ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ክርክር ሲያስነሳ የኖረ ነው። ቦክሰኛ ግን አልነበረም፤ ሙያው ትግል ነበር።

ክርክሩ ራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ዓለም በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ በዚሁ ጉዳይ ተከፋፍላ ነበር። መጀመሪያ ጁላይ 4 ቀን በአሜሪካ ሬኖ ከተማ ጃክ ጆንሰንና ጂም ጄፍሪስ በቦክስ ተገናኙ። ጆንሰን የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። ጄፍሪስ ደግሞ ሳይሸነፍ ጓንቱን ከሰቀለ ዓመታት ቢያልፉም ጥቁሩን አሸንፍልን ተብሎ ከእርሻው የተመለሰ ግዙፍ ሰው ነበር። ከግጥሚያው በፊት ጋዜጦቹ የጄፍሪስን ትከሻና ደረት ሲለኩ ከረሙ። ጆንሰን በአስራ አምስተኛው ዙር ጨረሰው። ሁለተኛው ክርክር የተነሳው ከሁለት ወር በኋላ ለንደን ላይ ነው፤ የኛም ታሪክ እዚያ ያደርሰናል።

ሰውየው ጉላም ሙሐመድ ባክሽ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን ጋማ በሚለው አጭር መጠሪያው ነው። በአማርኛ ጋማ ስንል የፈረሱ ጋማ ትዝ ሊለን ይችላል፤ ከዚያ ጋር ዝምድና የለውም። ፔህልዋን የሚለው ቃል መነሻው ፋርስኛ ሲሆን በህንድና በፓኪስታን ለትግል ባለሙያ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ታጋይ ስንል በአሸዋና በአፈር ላይ ወገብ ለወገብ ተያይዞ የሚጣጣለውን እንጂ ነፍጥ ይዞ ጫካ የገባውን ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበልልን።

ትግል ለሙስሊም ቤተሰብ ባዕድ ነገር አይደለም። የሲራ መጻሕፍት ሩካና ስለሚባል የቁረይሽ ጉልበተኛ ይተርካሉ። መካ ውስጥ ማንም ጀርባውን መሬት አስነክቶት የማያውቀው ይህ ሰው ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ታግሎ መውደቁን ልጆቻችን በመድረሳ ይሰሙታል። እውነተኛ ኃይለኛ ማን እንደሆነ የሚያስተምረውን ሐዲስም እንዲሁ ያውቁታል። የጋማን ሕይወት እስከ መጨረሻው ስናነብ ያ ሐዲስ ደጋግሞ ወደ አእምሯችን መጥቷል።

ጋማ እ.ኤ.አ. በ1878 በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ህንድ፣ በፑንጃብ፣ በአምሪትሳር አካባቢ ተወለደ። ቤተሰቡ ከካሽሚር የመጣ ሙስሊም ሲሆን ትግልን ከአባት ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ ነበር። አባቱ የሞተው እሱ ገና ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። የቲሙን ልጅ የእናቱ አባት ወሰደው፤ አያትየውም ሲያርፍ አጎቱ ተቀበለው። አያትየውም አጎትየውም ታጋዮች ነበሩ። አጎቱ ልጁን ለአባቱ ሙያ ለማብቃት ቆርጦ ተነሳ።

ስሙ መጀመሪያ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1888 በጆድፑር ነው። የጆድፑር ማሃራጃ ከየአገሩ ታጋዮችን ሰብስቦ ቁጢጥ ብሎ የመነሳት ውድድር አዘጋጀ። ህንዶቹ ቤታክ የሚሉት እንቅስቃሴ ነው፤ ወርዶ መነሳት፣ ወርዶ መነሳት፣ እግር እስኪከዳ ድረስ። በመቶ የሚቆጠሩ ጎልማሶች እየደከሙ ሲወጡ የአስር ዓመቱ ልጅ ከመጨረሻዎቹ አስራ አምስት ሰዎች ጋር ቆሞ ቀረ። ማሃራጃው ዕድሜውን አይቶ አሸናፊ አለው። ከዚያ በኋላ የዳቲያው ማሃራጃ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወስዶ ወጪውን እየሸፈነ አሠለጠነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ልጁ ሙስሊም ነው፤ የዳቲያው ገዢ ሂንዱ ነው። በኋላ ዋና ደጋፊው የሚሆነው የፓቲያላ ማሃራጃ ደግሞ ሲክ ነበር። በዚያ ዘመን ፑንጃብ ውስጥ የትግል ሜዳ የሁሉም ነበር፤ ሙስሊሙም ሂንዱውም ሲኩም አንድ አፈር ላይ ይወድቅና ይነሳ ነበር። ይህ ነገር ወደ ታሪኩ መጨረሻ ስለሚያስፈልገን ነው ማንሳታችን።

የትግል ሜዳው አካራ ይባላል። ምንጣፍ የለውም። ወለሉ ተነፍቶ የለሰለሰ አፈር ሲሆን ዘይት፣ እርድና አጓት የመሳሰሉት ይቀላቀሉበታል፤ አፈሩ ገላን እንዳይልጥ፣ ቁስልም እንዳያመረቅዝ ነው ይላሉ። ሠልጣኙ ጠዋት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ያንን ሜዳ በዶማ መቆፈርና መደልደል ነው። ክንድና ወገብ የሚጠነክረው ከዚያ ይጀምራል። አሠልጣኙን ኡስታድ ይሉታል፤ እኛ ኡስታዝ የምንለው ማለት ነው። አክብሮቱም ከኛው የራቀ አይደለም፤ ተማሪ ከኡስታዱ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሜዳውንም ሳያስፈቅድ አይረግጥም።

የጋማ ልምምድ እስከዛሬ የሚነገርለት ነው። በቀን በሺዎች የሚቆጠር ቤታክ ይሠራ ነበር። ሌላው ዳንድ የሚባለው የፑሽ አፕ ዓይነት ሲሆን ሰውነት እንደ ድመት ተለጥጦ ወደ ታች ይጠልቅና በደረት ይወጣል፤ እሱንም በሺዎች። ከዚያ በኋላ በአካራው ካሉ ታጋዮች ጋር ተራ በተራ ይያያዛል። ምግቡ ብዙ ወተት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ በአልሞንድ የተሠራ መጠጥና የሥጋ መረቅ ነበር። የሚወሩት ቁጥሮች ከሰው ሰው ስለሚለያዩ ሊትርና ኪሎ እየጠቀስን ሱሑር የሚያዘጋጁ እናቶችን አናስደነግጥም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በፊልም የምናውቀው ብሩስ ሊ ሳይቀር ስለዚህ ልምምድ አንብቦ ከራሱ ልምምድ ጋር አዋህዶታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጋማ ረጅም አልነበረም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ፣ ክብደቱ 90 ኪሎ ገደማ ነበር። አንገቱ እንደ ግንድ፣ ጭኑ እንደ ምሰሶ ቢሆንም ከሩቅ ለሚያየው መካከለኛ ሰው ነው። ሕይወቱን ሙሉ የተከተለው ክርክርም ከዚህ የመነጨ ነው።

የክርክሩ የመጀመሪያ ምዕራፍ ራሂም ባክሽ ሱልጣኒዋላ ነበር። የጉጅራንዋላው ራሂም የዘመኑ የህንድ ትልቁ ታጋይ ሲሆን ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነበር። የ17 ዓመቱ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲጠራው ነገሩ ለብዙዎች ቀልድ መሰለ። የጋማ ራስ የሚደርሰው ከራሂም ደረት አካባቢ ነው። ለራሂም የሚያደሉት ረጅሙ ሰው ከላይ ተጭኖ ያደቀዋል ሲሉ፣ ትግል የሚያውቁት ግን ሌላም ነገር ያዩ ነበር። ራሂም ዕድሜው ገፍቷል። በተጨማሪ በትግል ውስጥ ቁመት ሁለት ስለት አለው፤ ረጅም ክንድ ከሩቅ ይይዛል፣ ረጅም እግር ግን ለጠለፋ ይመቻል። ዝቅ ብሎ የሚገባ አጭር ሰው ወገብንና ጭንን ለመያዝ ብዙ መውረድ አይጠበቅበትም። እዚህ ላይ የቦክስ ክርክር ከትግል ክርክር ይለያል። ቦክስ ላይ የክንድ ርዝመት ትልቅ ሀብት ሲሆን ትግል ላይ ግን አንዴ ከተያያዙ በኋላ ዋጋው ይቀንሳል።

ግጥሚያው ለሰዓታት ቆየ። ጋማ ደማ፤ ቢሆንም አልወደቀም። አቻ ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በህንድ ስሙን የማያውቅ አልነበረም። በቀጣዮቹ ዓመታት የየከተማውን ስመ ጥር ታጋይ እየዞረ ጣለ፤ ያልጣለው ራሂምን ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1910 ጋማ ከታናሽ ወንድሙ ከኢማም ባክሽ ጋር ወደ ለንደን ተሻገረ። ያኔ ለንደን የዓለም ታጋዮች መናኸሪያ ነበረች። ሊገባበት ያሰበው ውድድር በጆን ቡል መጽሔት ስም የተዘጋጀ የዓለም ሻምፒዮና ሲሆን ሽልማቱ ቀበቶና 250 ፓውንድ ነበር። አዘጋጆቹ ከላይ እስከ ታች አዩትና አጭር ነህ ብለው መለሱት። ከህንድ ድረስ ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው በሜትር ተለክቶ ደጅ ቀረ።

ጋማ አገሩ አልተመለሰም። በቲያትር ቤት መድረክ ላይ በይፋ ግብዣ አስነገረ፤ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን ማናቸውንም ሦስት ታጋዮች በ30 ደቂቃ ውስጥ እጥላለሁ የሚል። ማስታወቂያ ነው፣ ጉራ ነው ተባለና ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ግብዣውን የተቀበለው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ሮለር ነበር፤ በሙያው ሐኪም የሆነ፣ ከጋማ የሚረዝምና የሚከብድ ታጋይ። ጋማ አንዴ ጣለው። ሁለተኛ ጣለው። ሜትር ይዘው የነበሩት አዘጋጆች ከዚህ በኋላ የውድድሩን በር ከፈቱለት። በዚያው ሰሞን ኢማም ባክሽም ስዊዘርላንዳዊውን ጆን ሌምን አሸንፏል።

ለፍጻሜው የተመደበለት ፖላንዳዊው ስታኒስላውስ ዝቢስኮ ነበር። ቁመቱ ከጋማ ብዙም ባይበልጥም ክብደቱ ከ110 ኪሎ ያልፋል፤ ልዩነቱ ሃያ ኪሎ እና ከዚያ በላይ ነው። ዝቢስኮ ጉልበተኛ ብቻ ሳይሆን የተማረ፣ ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነበር። ያደገው በግሪኮ ሮማን ትግል ነው። በዚያ ስልት ከወገብ በታች መያዝ ክልክል ስለሆነ ታጋዩ ደረቱን፣ አንገቱንና ክንዱን ያጠነክራል። ጋማ በአንጻሩ እግር መጥለፍ፣ ጭን መያዝና ፈጥኖ መገልበጥ ከሚፈቀድበት አፈር የመጣ ነው።

ክርክሩ እንግዲህ የሚገባው ክርክር ነበር። ለዝቢስኮ የሚያደሉት የክብደቱን ልዩነትና የአውሮፓውን ምንጣፍ ያነሳሉ። በለሰለሰ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ቆንጥጦ የሚቆም ሰው በምንጣፍ ላይ ምን ይሆናል? ለጋማ የሚያደሉት ፍጥነቱንና ትንፋሹን፣ ደግሞም ሮለር ላይ ያሳየውን ያነሳሉ። ከስፖርቱ በስተጀርባ ሌላም ነገር ነበረ። ህንድ የእንግሊዝ ቅኝ ናት። የቅኝ ተገዢዎች ልጅ በገዢዎቹ ዋና ከተማ፣ በገዢዎቹ ሕግ፣ አውሮፓዊ ይጥል እንደሆነ ያኔ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። የጆንሰን ድል አሜሪካ ውስጥ ሁከት ካስነሳ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1910 በዋይት ሲቲ ስታዲየም ተገናኙ። ስታዲየሙ ለ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የተሠራ ነው፤ እኛ ኢትዮጵያውያን የምንወደው ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 የሚለውን ልኩን ያገኘው ከዚያ ኦሊምፒክ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ እናስታውስ። ዳኛው አስጀመረ። ጋማ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ዝቢስኮን ወደ ምንጣፉ አወረደው። ተመልካቹ ጨረሰው ሲል፣ ዝቢስኮ በሆዱ ተኛ፤ ከምንጣፉም ጋር ተጣበቀ።

ያንን ለመረዳት ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። ለማሸነፍ የተጋጣሚን ሁለት ትከሻ መሬት ማስነካት ያስፈልጋል። በሆዱ የተኛን፣ ክርኑንና ጉልበቱን የተከለን ከ110 ኪሎ በላይ ሰው ደግሞ መገልበጥ ሥር የሰደደ ዋርካ እንደመንቀል ነው። ዛሬ ቢሆን ዳኛው ያስጠነቅቃል፣ ነጥብ ይሰጥበታል። ያኔ ነጥብም የሰዓት ገደብም አልነበረም። እንዲያውም ከሁለት ዓመት በኋላ በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማርቲን ክላይንና አልፍሬድ አሲካይነን የተባሉ ሁለት ታጋዮች በአንድ ግጥሚያ ከ11 ሰዓት በላይ ተያይዘው ውለዋል። ዝቢስኮም ሕጉ የሰጠውን ተጠቀመ። ጋማ ከላይ ሆኖ በዚህ ሲይዘው፣ በዚያ ሲጎትተው፣ ሊያስነሳው ሲሞክር ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። ተመልካቹ አጉረመረመ፣ ጮኸ፣ አንዳንዱም ወጥቶ ሄደ። መሸና ዳኞቹ አቻ ብለው ለሌላ ቀን ቀጠሩት።

ብዙ ጸሐፊዎች ዝቢስኮን ፈሪ ይሉታል። እኛ እንዲያ አንቸኩልም። ያን ያህል ሰዓት ከጋማ ሥር ተኝቶ አለመገልበጥ በራሱ ጉልበትም ችሎታም ይጠይቃል። ነገር ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አንዴ እንኳ ለማጥቃት አለመሞከሩ ስለ ቁመትና ክብደት ይደረግ የነበረውን ክርክር ራሱ ዘግቶታል። ሃያ ኪሎ የሚበልጠው ሰው ትንሹን ሰው መሸሽን መርጧል። በተቀጠረው ቀን፣ ሴፕቴምበር 17፣ ጋማ መጥቶ ቆመ፤ ዝቢስኮ አልመጣም። ቀበቶው ለጋማ ተሰጠ።

ጋማ ቀበቶውን ይዞ ሌሎቹን የዘመኑን ስመ ጥሮች ጠራ፤ አሜሪካዊውን ፍራንክ ጎችን፣ ጆርጅ ሃከንሽሚትን፣ ጃፓናዊውን ታሮ ሚያኬን። አንዳቸውም አልመጡም። የትግል ወዳጆች እስከዛሬ ጎች ወይስ ጋማ እያሉ የሚከራከሩትም ለዚህ ነው፤ ያልተካሄደ ግጥሚያ ከተካሄደው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ወደ አገሩ እንደተመለሰ የሚጠብቀው ያው ራሂም ባክሽ ነበር። በአላሃባድ ለመጨረሻ ጊዜ ተያያዙ። በዚህ ጊዜ ጋማ አሸነፈ፤ የህንድ ሩስተም የሚለውን ማዕረግም ወሰደ። ሩስተም የፋርስ ተረቶች ጀግና ነው። ጋማ ግን በኋላም ቢሆን ከገጠሙት ሁሉ ብርቱው ማን እንደነበር ሲጠየቅ ከአውሮፓዎቹ አንዱንም አልጠራም። ራሂም ነው ይል ነበር።

ስለ ጋማ ሲወራ የማይቀር አንድ ድንጋይ አለ። በባሮዳ ከተማ ሙዚየም የተቀመጠ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1902 ጋማ እንዳነሳው ተጽፎበታል፤ ክብደቱም 1,200 ኪሎ ነው ይባላል። ዛሬ የዓለም ጉልበተኞች ከመሬት ብድግ የሚያደርጉት ትልቁ የብረት ክብደት 500 ኪሎን ጥቂት ያለፈ ነው። ስለዚህ አነሳ የሚለውን ቃል ገፋ፣ አዘነበለ ወይም ከቦታው አነቃነቀ ብሎ መረዳት ይሻላል እንላለን። የሰውየው ታላቅነት የድንጋዩ እርዳታ አያሻውም።

ከለንደን አስራ ስምንት ዓመት አለፈ። ዝቢስኮ በዚህ መካከል አሜሪካ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1921 ኒው ዮርክ ላይ ኤድ ሉዊስን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን እስከመባል ደርሶ ነበር። የፓቲያላው ማሃራጃ ቡፒንደር ሲንግ ሁለቱን ዳግም ለማገናኘት ተነሳ፤ ጃንዋሪ 1928 ላይም ዝቢስኮ ህንድ ገባ። ሁለቱም ወደ ሃምሳ ዓመት ተጠግተዋል። እንግዲህ የድሮው ክርክር እንደ አዲስ ተነሳ። አንዱ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያልተገለበጠ ሰው ዛሬም አይገለበጥም ይላል፤ ሌላው በዚህ ዕድሜ ክብደት ሸክም ነው ይላል። ያላለቀ ሒሳብ ነውና ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰበሰበ።

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከሩቅ አውራጃ ቀናት ተጉዘው መጥተው፣ ቦታቸውን እያስተካከሉ ሳለ ግጥሚያው ያመለጣቸው ሰዎች እንዴት እንደተበሳጩ መገመት አያዳግትም። የዝቢስኮ ትከሻዎች መሬት ነኩ። ማሃራጃው ለጋማ ከብር የተሠራ ትልቅ ዱላ ሸለመው፤ በህንድ ትግል ውስጥ የዋንጫ ያህል ክብር ያለው ሽልማት ነው።

እስካሁን ያወራነው የስፖርት ገጽ ሊይዘው የሚችል ነው። ጋማን በረመዳን ገጽ ላይ እንድናነሳ ያደረገን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ ህንድን ለቅቃ ስትወጣ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ፑንጃብ መሃሏን ተቆረጠች። ጋማ ያደገበት አምሪትሳር በህንድ፣ እሱ የሚኖርባት ላሆር ደግሞ በፓኪስታን ሆነች። በመካከላቸው ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓኪስታን የታወጀችው ኦገስት 14 ቀን፣ በ1366 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ላይ፣ ብዙዎች ለይለተል ቀድርን በሚጠባበቁባት በ27ኛዋ ሌሊት ዋዜማ ነበር። ድንበሩ የት እንደሚያልፍ ለሕዝብ የተነገረው ኦገስት 17 ሲሆን በማግስቱ ዒድ ሆነ። ሰው ዒድን የተቀበለው ቤቱ በየትኛው አገር እንዳለ ባወቀ ማግስት ነው። በዚያ ዒድ በፑንጃብ ብዙ ሙስሊም ቤት፣ ብዙ የሂንዱና የሲክ ቤትም ሐዘን ነበር። ባቡሮች ሬሳ ጭነው ይገቡ ነበር። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ የሟቾቹ ቁጥር በብዙ መቶ ሺዎች ይቆጠራል።

ጋማ በላሆር የሚኖርበት የሞህኒ መንገድ ሰፈር ሂንዱ ጎረቤቶች ነበሩት። ከአምሪትሳርና ከፓቲያላ አካባቢ እየሸሹ የሚመጡ ሙስሊሞች ዘመዶቻቸውን እንዴት እንደተነጠቁ በየዕለቱ ይናገራሉ። በቀል የሚሻ መንጋም በየሰፈሩ ይዞር ጀመር። ለጋማ ቁጣ ቅርብ ነበር። የትውልድ ቀዬው ተወስዷል፤ እንደሱ ያሉ ሙስሊሞች በፓቲያላ እየተገደሉ ነው። እሱ ግን ለጎረቤቶቹ ማንም እንደማይነካቸው ቃል ገባ። መንጋው ወደ ሰፈሩ በመጣ ጊዜ የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ አብረውት ካሉ ታጋዮች ጋር ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ። የመጡት ሰዎች የራሱ ወገኖች ነበሩ፤ በዚያች ሰዓት ከፊታቸው መቆም ከዝቢስኮ ጋር ከመታገል ይከብዳል። ማን እንደሆነ ያውቁታል። ተመለሱ።

በዚህም አላበቃም። ነገሩ እየባሰ ሲሄድ ጎረቤቶቹ በላሆር መቆየት እንደማይችሉ ግልጽ ሆነ። ጋማ ለሁሉም የአንድ ሳምንት ስንቅ ከራሱ ኪስ ገዝቶ፣ ራሱ እየመራ እስከ ድንበሩ ሸኛቸው። ከላሆር እስከ ድንበሩ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ሰው ወጥቶ ቀርቷል። ወደዚያ የሄዱት ሰዎች እሱ ወደ ተወለደበት ወገን ነበር የሚሄዱት። እሱ ከድንበሩ ተመልሶ ላሆር ቀረ።

እዚህ ላይ የዳቲያውን ሂንዱ ማሃራጃና የፓቲያላውን ሲክ ማሃራጃ እናስታውስ። ጋማ ያደገው የሌላ እምነት ሰው እጁን ይዞ ባሳደገው አፈር ላይ ነው። ጎረቤት ሲጠበቅ የነበረው ያ አሮጌ ዓለም በአንድ ክረምት ፈርሶ ነበር፤ በሞህኒ መንገድ ግን አልፈረሰም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለጋማ ከባድ ነበር። ማሃራጃዎቹ የሉም፤ ደጋፊዎቹ በድንበሩ ማዶ ቀርተዋል። ትግል ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲያረጅ ምን ይበላል? ወንዶች ልጆቹን አንድ በአንድ በሞት ተነጥቋል። ልቡ ታመመ፣ አስምም ያዘው። የሺህ ቤታክ ጌታ ደረጃ መውጣት የሚያደክመው ሰው ሆነ። የፓኪስታን መንግሥት መሬትና የወር ድጎማ ሰጠው፤ የሕክምናውንም ወጪ አገዘ። አድናቂዎቹም ገንዘብ አዋጡለት። ከእነዚህ አንዱ ጂ. ዲ. ቢርላ ነበር፤ የህንድ ሂንዱ ባለሀብት። ሁለቱ አገሮች ጦር ተማዘው ባሉበት በዚያ ዘመን፣ ከድንበሩ ማዶ ለሙስሊሙ ታጋይ 2,000 ሩፒ ላከ፤ በየወሩም 300 ሩፒ እንዲሰጠው አደረገ።

ጋማ እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1960 በላሆር በ82 ዓመቱ አረፈ። ትግሉን የወንድሙ የኢማም ባክሽ ልጆች ቀጠሉ፤ ከእነሱ መካከል ቦሉ የተባለው የፓኪስታን ሻምፒዮን ሆኗል። የጋማ የልጅ ልጅ ኩልሱም ደግሞ የናዋዝ ሸሪፍ ባለቤት ስትሆን ባሏ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበረባቸው ዘመናት የአገሪቱ ቀዳማዊት እመቤት ነበረች፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2018 አርፋለች።